ከላይ የሚዋኘው ዓሣ

ባለቤቴና እኔ አብረን የሠራነው የመጨረሻ ተራ ሥራ የዓሦቹን ውሃ መቀየር ነበር። ሌሊቱን የዘነበው ዝናብ ከቆርቆሮው ወርዶ በርሜሉን ሞልቶት አድሯል። ጠዋት እሱ ትልቁን የከረሜላ ጠርሙስ በሁለት እጁ አቅፎ አሮጌውን ውሃ ሲደፋ፣ እኔ የሻይ ማጥለያ ከሥር ደቅኜ የሚያመልጥ ዓሣ ካለ እጠብቃለሁ። አንዲት ጣት የማታህል ዓሣ ከውሃው ጋር ተንሸራታ ማጥለያው ላይ ወደቀችና ትወራጭ ጀመር።

«ቶሎ በይ፣ ቶሎ! ትንፋሽ አጠራት እኮ» አለኝ።

«አንተ ነህ ያፈጠንከው። ደግሞ በዚህ ማጥለያ ነው ነገ ሻይ የምናጠልለው?»

«ታጥቢው የለ እንዴ! ሻዩ ዓሣ ዓሣ ካለ ደግሞ እሰየው፣ በጾም ዓሣ በላን ብለን እናወራለን።»

ሳቅን። ዓሣዋን ወደ ንጹሁ ውሃ መለስኳት። እሱ ጠርሙሱን በጨርቅ ሸፍኖ መስኮቱ ላይ አስቀመጠው፤ እኔም ማጥለያውን አመድ ነክቼ አጠብኩት። ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ ሌላ ዓይነት ቀን ነው። ተራ የምለው እስከዚያች ማጥለያ ድረስ ያለውን ነው።

ባለቤቴ የባዮሎጂ መምህር ነበር። ከጎጃም ተመድቦ ነው ቦንጋ የመጣው። እኔ የዚሁ የከፋ ልጅ ነኝ፤ አማርኛን የተማርኩት ትምህርት ቤት ነው። በአንድ ቢሮ በጸሐፊነት ስሠራ ብዙ ዓመት የሌላ ሰው ደብዳቤ በፍጥነት ስጽፍ ኖሬያለሁ። የራሴን ስጽፍ ግን እጄ ይዘገያል፤ አንዳንድ ቀን አንድ አንቀጽ ጽፌ እተወዋለሁ።

ባሌ ፈሪ ሰው ነበር። ይህን የምለው ላዋርደው አይደለም። ባጃጅ ላይ ስንሳፈር ብረቱን በሁለት እጁ ጨብጦ «ቀስ በል ወንድሜ፣ የሚያሳድደን የለም» ይላል። የሰው ግቢ ሲገባ ውሻ ታስሮ እንደሆነ ሳይጠይቅ አይረግጥም። እኔን ለማግባት ሲያስብ እንኳ መናገር አቅቶት፣ የኬሚስትሪ መምህር የሆነውን ጓደኛውን ነበር የላከብኝ። ጓደኛው ቢሮዬ መጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ ተደግፎ፣ «እዚያ ከዛፉ ሥር የቆመውን ሰውዬ አየሽው? እሱ ይወድሻል፤ ካልወደድሽው ደግሞ ቶሎ ንገሪኝ፣ ዝናቡ እየመጣ ነው» አለኝ። በመስኮት አየሁት። ጃንጥላ ይዞ፣ ዝናቡ ሳይጀምር ዘርግቶት ቆሟል። የወደድኩት በዚያች በተዘረጋች ጃንጥላ ነው።

ተማሪዎች ፊት ግን አይፈራም ነበር። የሚፈራው ስብሰባ ነው። በዚያ ዘመን ግምገማ የሚሉት ነገር ነበር፤ መምህራኑ ሁሉ ተሰብስበው አንዱ ሌላውን ፊት ለፊት ይገመግማል፣ ራሱንም ይገመግማል። ግምገማ ባለበት ሰሞን እህል አይወርድለትም። ጠዋት ልብሱን ለብሶ ጨርሶ፣ በር ድረስ ሄዶ ይመለሳል፤ ውሃ ይጠጣል፤ እንደገና ወደ በር ይሄዳል።

በአንዱ የግምገማ ቀን እንዲህ ሲመላለስ አይቼ ተነሣሁ። እናቴ የጠመቀችው ጠጅ ቤት ውስጥ ነበረ። በብርሌ ቀዳሁለት። በእኛ ደንብ የሚቀዳ ሰው አስቀድሞ ጥቂት በመዳፉ አፍስሶ ይቀምሳል፤ ውስጡ ክፉ ነገር እንደሌለው ለሚጠጣው ማረጋገጡ ነው። ለባል ይህ አያስፈልግም። እኔ ግን ለጨዋታ ብዬ በመዳፌ አፈሰስኩና ቀመስኩ፤ «ይኸው፣ አልሞትኩም፤ ጠጣ» አልኩት። እየሳቀ ጠጣው።

ወደ ማታ ከኬሚስትሪው መምህር ጋር መጣ። ሁለቱም ፊታቸው በርቷል። በስብሰባው ላይ ሰዎች በኬሚስትሪው መምህር ላይ ተነሥተውበት ነበር አሉ፤ አፉ ይበዛል፣ በሥራ ይቀልዳል ብለው። ሌላው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ሲቀመጥ ባሌ እጁን አውጥቶ ተነሣ፤ ስለ ጓደኛው ሥራ አንድ በአንድ ተናገረ።

«እትዬ፣» አለኝ ጓደኛው ገና ከበሩ ሳይገባ፣ «ዛሬ ምን አብልተውት ነው የላኩት? አንበሳ ሆኖ ዋለ እኮ! ሰብሳቢው እንኳ እስክሪብቶው ወደቀበት።»

«ምንም አላበላሁትም፤ ትንሽ አጠጣሁት እንጂ።»

«እንግዲያው ለእኔም ይቅዱልኝ፤ ለሚቀጥለው ራሴን ልከላከል።»

ኮርቼ ነበር። ባሌ እንደሌላው ወንድ ጮክ ብሎ ሲያወራ፣ እግሩን ዘርግቶ ሲቀመጥ፣ ጓደኛው ሲያወድሰው እያየሁ ኮራሁ። ከዚያ በኋላ ግምገማ ሲኖር አንድ ብርሌ ሆነ። ቀጥሎ የወላጆች ስብሰባ ሲኖር፤ ቀጥሎ ርዕሰ መምህሩ ሲጠራው። እየቆየ ምንም በሌለበት ቀንም ሆነ። ሁልጊዜ የምቀዳው እኔ ነኝ፤ ሁልጊዜም በመዳፌ አስቀድሜ እቀምሳለሁ። ጨዋታው ልማድ ሆኖ ቀረ።

ፕላዝማ የመጣው በዚያ ሰሞን ነው። በየክፍሉ ግድግዳ ላይ ቴሌቪዥን ተሰቀለ፤ ከሩቅ የሚተላለፈው መምህር በእንግሊዝኛ ይሮጣል፤ ባሌ ደግሞ ከፍቶ ይቆምና ሲያልቅ ይዘጋል። «ጥበቃ ሆንኩ እኮ» ይለኝ ነበር። ተማሪዎቹ በውን ያላዩት ነገር በስክሪን አልፎ ሲሄድ ማየት አንገበገበው። ስለ ነርቭና ስለ አልኮል የሚል ትምህርት ሲደርስ፣ «ይህን እንኳ በዓይናቸው ያያሉ» ብሎ ተነሣ። በአሮጌ አጎበር ከጅረት ትንንሽ ዓሦች አጠመደ። ማስቀመጫ ፍለጋ ገበያው አጠገብ ወዳለው ባለሱቅ አብረን ሄድን። ባለሱቁ ከሌላ አገር መጥተው ብዙ ዓመት ቦንጋ የኖሩ ሙስሊም ሽማግሌ ናቸው።

«ሐጂ፣ ባዶ የከረሜላ ጠርሙስ ይኖርዎታል?»

«ሞልቷል። ለምንዎ ነው ቲቸር?»

«ለዓሣ።»

«ሊያረቡ ነው? መልካም፣ መልካም።»

«የለም፤ አረቄ ላጠጣቸው ነው።»

ሽማግሌው መነጽራቸውን አወለቁ። «አስተግፊሩላህ! የሰው ሰካራም አነሰንና ነው?» አሉ። ግን ሳቃቸውን መቆጣጠር አልቻሉም። ጠርሙሶቹን በጋዜጣ ጠቅልለው ሰጡን፤ «አደራ፣ እንዳይመልሱልኝ። አረቄ የነካው ዕቃ ተመልሶ ሱቄ አይገባም» አሉ።

ክፍል ከመውሰዱ በፊት ቤት ሞከረው። በአንዱ ጠርሙስ ንጹህ ውሃ፣ በሌላው ጥቂት አረቄ ጠብ ያለበት ውሃ አደረገ። ጠጁ ውሃውን ስለሚያደፈርሰው ነው አረቄ የመረጠው። በሁለቱም ከሥር ድንጋይ አስቀመጠ። ከዚያ ዓሣ የምታጠምደውን ወፍ አስመስሎ ከካርቶን ቆርጦ፣ ጥላው ውሃው ላይ እንዲያልፍ ከላይ አሳለፈው። የንጹሁ ውሃ ዓሦች ጥላው ሳይደርስ እንኳ ብን ብለው ድንጋዩ ሥር ገቡ፤ እዚያው ደርቀው ቀሩ። አረቄ ያለበት ውሃ ውስጥ ያሉት ግን ንቅንቅ አላሉም። እንዲያውም ወደ ላይ ወጥተው የውሃውን ፊት እየነኩ ይዋኙ ጀመር። የመስኮቱ ብርሃን ጀርባቸው ላይ ያብረቀርቃል።

«እነዚህኛዎቹ እንዴት ያምራሉ!» አልኩ። «እነዚያ እኮ ተወሽቀው አይታዩም።»

«ያማሩሽ ወፏ ስላልታየቻቸው ነው» አለኝ። «ወንዝ ውስጥ ቢሆኑ እስካሁን ተበልተዋል። ጤነኞቹ እነዚያ የተወሸቁት ናቸው።»

ቀጥሎ ሌላ ነገር አሳየኝ። የሞተች ዓሣ ቆዳ ፈቅፍቆ በጥቂት ውሃ አጠበና ያንን እጣቢ በማንኪያ በሁለቱም ጠርሙስ ጨመረ። ዓሣ ሲቆስል ከቆዳው የሚወጣ ነገር አለ፤ ሌሎቹ ያሸቱትና አደጋ መኖሩን ያውቃሉ አለኝ። የንጹሁ ውሃ ዓሦች አንድ ላይ ተጣብቀው ታች ተከማቹ። የአረቄዎቹ ያንኑ ሽታ እየዋኙ አለፉበት።

እጁን ጠርሙሱ ላይ አደረገ። «ግምገማ ላይ የምቆመው እኔ ይኸኛው ነኝ» አለኝ ላይ ላይ የሚዋኘውን እያሳየኝ። ከዚያ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም፤ ልክ ነህም አላልኩት። ልክ ነህ ብለው መቅዳቱን መተው ይኖርብኝ ነበር።

ከተማሪዎቹ ትምህርት በኋላም የአረቄውን ጠርሙስ አላፈረሰውም። ውሃውን በቀየረ ቁጥር ያንኑ ያህል አረቄ እየጨመረ ብዙ ቀን አቆየው። ከዚያ በድንገት ዓሦቹን ወደ ንጹህ ውሃ አዛወራቸው። እነዚያ ምንም የማይፈሩት፣ አሁን ሁሉን ፈሩ። በሩ ሲንኳኳ ከጠርሙሱ ጋር ይላተማሉ። ካርቶኑን ሳናሳልፍ፣ የራሳቸው ጥላ ሲያልፍ ይደነብራሉ። አንዷ ዘላ ወጥታ ወለል ላይ ሞታ አገኘናት። «ፍርሃቱ አልጠፋም ነበር ማለት ነው፤ ተከማችቶ ቆይቷል» አለ ባሌ። ቀናት ሲያልፉ ግን ቀስ በቀስ እንደ ሌሎቹ ሆኑ፤ ጥላ ሲያዩ ይሸሻሉ፣ ጥላው ሲሄድ ይወጣሉ።

እሱም ያን ጊዜ ነው ጠጅ ያቆመው። ሁዳዴ ሲገባ ጾሙን ምክንያት አድርጎ አቆመ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ክፉ ነበሩ። ጠመኔ ይወድቅበታል። የሰው ድምፅ በር ላይ ሲሰማ ይበረግጋል። አንሶላው በላብ ይርሳል። መስኮቱ ላይ ያሉትን ዓሦች እያየሁ እሱን አውቀው ነበር፤ ያልፋል እለዋለሁ፣ እጁን ይዤ እቀመጣለሁ። አለፈም። ፋሲካ ሲደርስ እጁ ጸንቷል፣ መልኩ ተመልሷል። ጤነኛ ሆኖ ነበር። ይህን መጻፍ ይከብደኛል፤ ጤነኛ ሆኖ ነበር።

ግን ጤነኛው ባሌ ያው ፈሪው ባሌ ነው። ስብሰባ ላይ እንደገና ዝም አለ። የኬሚስትሪው መምህር «አንበሳው ጾም ላይ ነው» እያለ ይቀልድበታል። የቢሮ ባልደረባዬ ልጇን ስትድር አብረን ሄደን፣ ከበሩ አጠገብ ካለ ወንበር ሳይነሣ ዋለ። ሰዎች መጥተው ሲያናግሩት አዎ፣ አይደለም ብቻ ይላል። ባልደረባዬ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «ባልሽን ምን ነካው? ድሮ እኮ እንዴት ያለ ተጫዋች ነበር!» አለችኝ። አፈርኩ። ወደ ቤት ስንመለስ መንገዱን ሙሉ አላናገርኩትም። እሱ ለምን እንደሆነ አልጠየቀኝም፤ የሚያውቅ ይመስለኛል። ያ ላይ ላይ የሚዋኘው ሰው ናፍቆኝ ነበር።

ያንን ውሃ የቀየርንበት ቀን ከሰዓት በፊት መምህራኑ ሊጠሩት መጡ። የአንዱ መምህር አባት አርፈው፣ ከከተማው ወጣ ብሎ በሺሺንዳ በኩል ጅረት ማዶ ባለ መንደር ለቅሶ ሊደርሱ ነው። የኬሚስትሪው መምህርም አብሯቸው ነበር። ባሌ ነጠላውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ በሩ ላይ ቆመ። ያንን አቋቋም አውቀዋለሁ።

«ብዙ ሰው ይኖራል?» አለኝ ቀስ ብሎ።

«ለቅሶ እኮ ነው፤ ሰው ይኖራላ።»

ወደ ውሃው ማሰሮ ሄዶ ጠጣ። ወደ በሩ ተመለሰ። ሰዎቹ ከውጭ «እንሂድ እንጂ፣ ሰማዩ ሊወርድ ነው!» ይላሉ። ለወንድሜ ልጅ ክርስትና ብዬ የጣልኩት ጠጅ ጓዳ ነበረ። እሱ አልጠየቀኝም። ይህን ብዙ ጊዜ መላልሼ አስቤዋለሁ፤ አልጠየቀኝም፣ ወደ ጓዳውም አላየም። እኔ ነኝ ገብቼ የቀዳሁት። በመዳፌ አፍስሼ ቀመስኩና ብርሌውን ዘረጋሁለት።

ብርሌውን አየ፤ እኔን አየኝ። «ትቼዋለሁ እኮ» አለ።

«አንድ ብቻ። ለመንገድህ።»

ጠጣ። ሁለተኛ ቀዳሁለት፤ ያንንም ጠጣ። ከበሩ ሲወጣ ድምፁ ከፍ ብሏል። «ምን ቆማችኋል? ሽማግሌ ሆናችሁ እንዴ?» ሲላቸው ሰማሁት። እነሱም ሳቁ፤ እኔም ጓዳ ሆኜ ፈገግ አልኩ።

ሲሄዱ ጅረቱ ጉልበት አይደርስም ነበር። ለቅሶ ላይ ሳሉ ዝናቡ ወረደ። ሲመለሱ ውሃው ቀልቶና ግንድ እየጎተተ ሞልቶ አገኙት። ማዶም ወዲህም ሰው ቆሞ ይጠብቃል፤ የእኛ አገር ጅረት ቶሎ እንደሚሞላ ሁሉ ቶሎ ይጎድላል፤ ሁሉም ይህን ስለሚያውቅ ቆሞ ይጠብቃል። ለቅሶ ቤቱ ደግሞ ጠላና አረቄ ቀርቦ ነበር፤ ባሌም ከቤቱ የጀመረውን እዚያ ቀጥሏል። ነጠላውን ወገቡ ላይ አሰረና ገባ።

ይህን የነገረኝ የኬሚስትሪው መምህር ነው፤ ሬሳው ከመሻገሪያው ወደ ታች ተገኝቶ፣ ከተቀበረ በኋላ። ለቅሶዬ ላይ ድንኳን ውስጥ የተቀመጡት ሁሉ ስለ ባሌ የሚያነሡት አንድ ቃል ነበር፤ ደፋር። «ደፋር ነበር እኮ፤ እውነት ይናገር ነበር።» «ሌላው ወንድ ሁሉ ቆሞ እሱ ገባ፤ ደፋር!» ሴቶቹም በሙሾ ውስጥ ጨመሩት። እኔ መሐላቸው ተቀምጬ አይደለም፣ ፈሪ ነበር፣ ፈሪ ሰው ነበር ያገባሁት ማለት ፈለግኩ። እንዲህ ብል ሐዘን አእምሮዋን ነካው ይሉኝ ነበር።

ሰው ሲቀንስ የኬሚስትሪው መምህር አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ። ከዚያ ቀን ወዲህ ቀልድ ሲናገር አልሰማሁትም።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት፤ ልብዎ ትንሽ ያርፋል» አለኝ።

«ንገረኝ።»

«ቅንጣት አልፈራም። እጁን ይዤው ነበር፤ ተው ስለው ሳቀብኝ። ‹ጉልበት የማይደርስ ውሃ› አለኝ። መሐል እስኪደርስ እየሳቀ ነበር። ፈርቶ አልሞተም።»

ሊያጽናናኝ ነው የተናገረው። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አልኩት። ፈርቶ ቢሆን ኖሮ ዳር ላይ ይቆም ነበር። ዝናብ ሳይጀምር ጃንጥላ የሚዘረጋ ሰው በምን ቀን ነው የሞላ ጅረት ውስጥ የሚገባው?

ለነፍስ አባቴ ነግሬያቸዋለሁ። «ልጄ፣ ሁለት ብርሌ ሰው አይገድልም፤ እዚያ ቤትም ጠጥቷል። ውሃው ነው የወሰደው» አሉኝ። እኔም አንዳንድ ቀን እንዲሁ እላለሁ። ለቅሶ ቤት የቀዱለት እኔ አይደለሁም። ወደ ውሃው የገፋሁት እኔ አይደለሁም። ግን ብዙ ሳምንት በንጹህ ውሃ የቆየውን ሰው እንደገና ወደ ጠጅ የመለስኩት እኔ ነኝ፤ የመለስኩትም ስለታመመ አይደለም፤ ፍርሃቱ ስላሳፈረኝ ነው። ቀምሼ፣ ክፉ ነገር የለውም ብዬ ነው የሰጠሁት። ይህንን ካህኑም ሊያነሡልኝ አልቻሉም።

ዓሦቹ መስኮቱ ላይ ቀሩ። ብቻዬን ውሃቸውን መቀየር ስጀምር ጠርሙሱ ከበደኝ፤ በጣሳ እየቀዳሁ በጥቂት በጥቂቱ መቀየር ለመድኩ። ወደ ጅረት ልመልሳቸው አስቤ፣ አረቄ ውስጥ የኖሩትስ መሸሽ ረስተው እንደሆነ ብዬ ፈራሁ። የሱን ካርቶን አንሥቼ ከላይ አሳለፍኩባቸው። ሸሹ። በሌላ ቀን ደገምኩ፤ ሸሹ። አንዷ ብቻ ትዘገይ ነበር። እሷን እስክትለምድ ጠበቅኳት፤ እሷም ከሌሎቹ እኩል ድንጋዩ ሥር መግባት ስትጀምር ሁሉንም ወስጄ ውሃው ዝግ በሚልበት ቦታ ለቀቅኳቸው። ወዲያው ጠፉ፤ አንድም ላይ የቀረ አልነበረም። ጠርሙሶቹን እዚያው አጥቤ ለሰፈር ሴት ለቅቤ ማስቀመጫ ሰጠኋት።

ጠጅ መጣል ትቻለሁ። ሰው ቤት ሄጄ ሲቀዱልኝ ግን አልከለክልም፤ እቀበልና አስቀምጠዋለሁ። ባለፈው ሰሞን ጎረቤቴ ልጇ ለሥራ ፈተና ወደ ቢታ ገነት ከተማ ሲሄድ፣ «እጁ ይንቀጠቀጣል፣ አንድ መለኪያ ልስጠው እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። «ተይው፣ እየተንቀጠቀጠ ይሂድ» አልኳት። ክፉ ሴት ነሽ በሚል ዓይን አየችኝ።

አሁን ከባድ ዝናብ በጣለ ቁጥር ነጠላዬን ደርቤ ወደ ጅረቱ መሻገሪያ እወርዳለሁ። ከገበያ የሚመለሱ ሰዎችና ተማሪዎች ዳር ላይ ቆመው አገኛለሁ፤ መካከላቸው እቆማለሁ፤ ልግባ የሚል ካለ ክንዱን እይዛለሁ። ውሃው ጎድሎ ሁሉም ሲሻገር ወደ ቤቴ እመለሳለሁ።